ክኒን እግር የለውም

(ለፋርማሲ ተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ ንግግር መስማት ቅጣት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ተማሪ ነበርኩ፤ የኋላ ወንበር ላይ ነበር የማንቀላፋው። ስለዚህ ከአንድ ሰው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባት ወደ ፋርማሲ መስኮቴ መጡ። ከሩቅ ገጠር ነው የመጡት። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የክኒን ብልቃጥ አወጡና ፊቴ አስቀመጡት። የአንድ ወር መድኃኒት ነበር የሰጠኋቸው። ከሰጠኋቸው ግን ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ከፍቼ ቆጠርኩ፤ ጭራሽ ተርፏል።

«አባቴ፣ ምነው አልዋጡትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ውጫለሁ ልጄ። በቢላ ለሁለት እየከፈልኩ።»

«ማን እንደዚህ ያድርጉ አለዎት?»

«ማንም። መድኃኒቱ ነጻ ነው። አውቶቡሱ ግን ነጻ አይደለም።»

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ራቴን መብላት አቃተኝ። ያ ክኒን በሕክምና ታሪክ ውስጥ ተአምር ከተባሉት አንዱ ነው። ከአሜሪካና ከስዊዘርላንድ ላብራቶሪዎች ተነስቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ጉምሩክ አልፎ እኔ እጅ ደርሷል። ከዚያ በአውቶቡስ ቲኬት ተሸነፈ።

ክኒኑ ኢማቲኒብ ይባላል። በንግድ ስሙ ግሊቬክ። ሕመሙ ደግሞ ሲኤምኤል፣ ማለትም ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ነው። ከደም ካንሰሮች አንዱ ነው፤ ከ100 ሺህ ሰው በዓመት የሚይዘው አንድ ሰው ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው። አውሮፓውያን በዓመት ከ100 ሺህ ሰው ከ6 በታች የሚይዘውን ካንሰር ሁሉ «እምብዛም የማይገጥም» ይሉታል። የሚገርመው፣ እነዚህ እምብዛም የማይገጥሙ የተባሉት ሲደመሩ በአውሮፓ በየዓመቱ ከሚገኙት የካንሰር ሕሙማን ከአምስት ከአንድ በላይ ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው ጥቂት፣ አንድ ላይ ግን ብዙ። ችግሩ አንድ ላይ አለመሆናቸው ነው። አንዱ ጎሬ ነው፣ አንዱ ወልዲያ ነው፣ አንዱ ጅግጅጋ። አይተዋወቁም። «እንደኔ ያለ ሌላ ሰው አለ?» ብሎ የጠየቀኝ ታማሚ ብዛቱ!

በነገራችን ላይ «ብርቅዬ ካንሰር» የሚል ትርጉም አንድ ቦታ አይቼ ነበር። አልወደድኩትም። ብርቅዬ ሲባል ዋልያ ነው ትዝ የሚለኝ። ይሄ የሚያኮራ ነገር አይደለም።

ሲኤምኤል ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ድካም፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ። ከዚያ በግራ ጎን በኩል የሚሞላ ነገር። ጣፊያ ነው። ጣፊያ ሲያብጥ እኛ አገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ስለዚህ ሰውየው የወባ መድኃኒት ይወስዳል። አልሻል ሲለው አንዳንዱ ጎኑን በጋለ ብረት ይተኮሳል፤ ጎናቸው ላይ የዚያ ቃጠሎ ጠባሳ ያለባቸው ታማሚዎች አይቻለሁ። ሐኪም ቤት ደርሶ ደም ሲመረመር ነጭ የደም ሴሉ ሰማይ ነክቷል። ደግሞም ምዕራቡ ዓለም ላይ ይህ ሕመም በብዛት የሚይዘው ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ነው። አፍሪካ ውስጥ ግን ሠላሳና አርባ ዓመት ላይ ያለ ሰው ነው የሚመጣው። ልጆች የሚያሳድግ፣ እርሻ የሚያርስ፣ ታክሲ የሚነዳ።

አሁን ትንሽ ሳይንስ። አትፍሩ፣ ፈተና ላይ አይመጣም። (ይመጣል እንዴ? መምህራችሁን ጠይቁ።)

በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእነዚህ ታማሚዎች ሴል ውስጥ ከመጠን በላይ ያጠረች አንዲት ክሮሞዞም አገኙ። ፊላደልፊያ ከተማ ስለነበሩ የፊላደልፊያ ክሮሞዞም ተባለች። በ1973 ጃኔት ራውሊ ነገሩን ገለጠችው። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። ከዚያ ልውውጥ የሚወለደው ፕሮቲን እንደተበላሸ ቧንቧ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም። ነጭ የደም ሴል ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ኢማቲኒብ የሚሠራው ያንን ቧንቧ መዝጋት ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው ኒኮላስ ላይደን ይሠራበት በነበረው የስዊዝ ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው በ1996 ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ኖቫርቲስ ሆነ። በሰው ላይ እንዲሞከር አላስቀምጥ አላስተኛ ያለው ደግሞ የኦሪገኑ ሐኪም ብራያን ድሩከር ነው። ኩባንያው አመነታ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ ታማሚው ጥቂት ነው፣ ገበያው ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። እምብዛም የማይገጥም በሽታ ትልቁ ጠላት ይሄ ሂሳብ ነው። ሳይንሱ ተሠርቶ እያለ «ማን ይገዛዋል?» በሚል ጥያቄ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

የድሩከርን ምርምር በገንዘብ ከደገፉት አንዱ ዛሬ የሉኪሚያና ሊምፎማ ማኅበር የሚባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ይህ ማኅበር እንዴት እንደተመሠረተ ታውቃላችሁ? ሮበርት ደ ቪልየርስ የሚባል ልጅ በ1944 በ16 ዓመቱ በሉኪሚያ ሞተ። ወላጆቹ በ1949 በስሙ ድርጅት አቋቋሙ። ያኔ ለሉኪሚያ ይህ ነው የሚባል ሕክምና አልነበረም። ሐዘናቸውን ይዘው ቤት ቢቀመጡ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። የልጁን ስም ልብ በሉልኝ፤ ሌሎችም ይመጣሉ።

የመጀመሪያው የሰው ሙከራ በ1998 ተጀመረ። ውጤቱ ሐኪሞችን ራሳቸውን አስደነገጠ። በ2001 በታተመው ጥናት፣ በቀን 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሰዎች የ53ቱ የደም ቁጥር ወደ ጤናማ ተመለሰ። 53 ከ54! እኔ በዚህ ሙያ ላይ እንደዚህ ያለ ቁጥር ሌላ አላስታውስም።

ግን ወሬው ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ታማሚዎች ኢንተርኔት ላይ ተገናኝተው «እኔ ተሻለኝ» «እኔም» መባባል ጀመሩ። መድኃኒቱ ግን ለሁሉም የሚበቃ አልነበረም፤ ኩባንያው ገና በብዛት አያመርተውም። በ1999 ሱዛን ማክናማራ የተባለች የካናዳዋ ሞንትሪያል ታማሚ በኢንተርኔት ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች። ከ3 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። ደብዳቤው በቀጥታ ለኖቫርቲስ ኃላፊ ለዳንኤል ቫሴላ ተላከ። ምርቱም እንዲጨምር ሆነ። እሷም ሙከራው ውስጥ ገባች፣ ዳነች፣ በኋላም ዶክትሬቷን ሠራች። 3 ሺህ ፊርማ ለእኛ ብዙ አይመስልም፤ ፌስቡክ ላይ ለአንድ ቀልድ ከዚያ በላይ ላይክ ይገኛል። ግን ተበታትነው የነበሩ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ መናገራቸው ነው።

ግንቦት 2001 ላይ መድኃኒቱ በአሜሪካ ጸደቀ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልጅ እንሂድ። ማክስ ሪቫሮላ። ሲኤምኤል ይዞት በ1991 በ17 ዓመቱ ሞተ። መድኃኒቱ ከመጽደቁ አሥር ዓመት በፊት። ያኔ ያለው ዋና ተስፋ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የሚመሳሰል ለጋሽ ያስፈልጋል። የእንጀራ እናቱ ፓት ጋርሲያ ጎንዛሌዝ ከቤተሰቡ ጋር ሆና በ1997 በዋሽንግተን ስቴት ማክስ ፋውንዴሽንን አቋቋመች። («የእንጀራ እናት» ስንል ተረታችን ምን እንደሚያስታውሰን አውቃለሁ። ይቺኛዋ ሌላ ናት።)

ግሊቬክ ከጸደቀ ብዙም ሳይቆይ ኖቫርቲስ መድኃኒቱን መግዛት ለማይችሉ ሰዎች በነጻ የሚሰጥበት ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ተጀመረ። ያንን ፕሮግራም እንዲያስተዳድር የተመረጠው ይህ ትንሽ ድርጅት ነው። ሐኪሙ ታማሚውን ያስመዘግባል። ድርጅቱ ምርመራው መረጋገጡን ያያል። መድኃኒቱ በዚያ ሰው ስም ይላካል። በየጊዜው «አሁንም አለ? አሁንም ይወስዳል?» ተብሎ ይጠየቃል። በ2017 ደግሞ ድርጅቱ መድኃኒቱን ራሱ ተቀብሎ የሚልክበት አሠራር ጀመረ፤ የሌሎች ኩባንያዎች መድኃኒቶችም ተጨመሩ። እኛ አገር ይህ ፕሮግራም በዋናነት የመጣው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ሐኪሞች በኩል ነው። ከአራቱም ማዕዘን ታማሚው ወደዚያ ይጎርፋል። ዓመታዊ ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር መድኃኒት አንድ ገበሬ በፌስታል ይዞት ይሄዳል።

ለመመዝገብ ግን የፊላደልፊያዋ ክሮሞዞም መኖሯ መረጋገጥ አለበት። ለዓመታት ብዙ ድሃ አገሮች ናሙናውን ወደ ውጭ ይልኩ ነበር። መድኃኒቱ ነጻ፣ ምርመራው በገንዘብ! ከሽሮው ዋጋ የድስቱ ኪራይ በለጠ። እዚህ ላይ የገቡትም በጎ አድራጊዎች ናቸው። እንግሊዛዊው የደም ሐኪም ጆን ጎልድማን በ2009 ያቋቋመው ዓለም አቀፉ የሲኤምኤል ፋውንዴሽን አለ፤ ምርመራው በድሃ አገሮች እንዲገባ ይሠራል። ጂን ኤክስፐርት ታውቃላችሁ አይደል? ለቲቢ ምርመራ የምንጠቀምበት ማሽን። በዚያው ማሽን፣ ሌላ ካርትሪጅ በማስገባት ብቻ፣ ሲኤምኤልን መመርመርና መከታተል ይቻላል። ማክስ ፋውንዴሽን ደግሞ ሲያትል ካለው ከፍሬድ ሀች የካንሰር ማዕከል ጋር ሆኖ የደም ጠብታ በወረቀት ካርድ ላይ አድርቆ በፖስታ የመላክ ዘዴ አስጀመረ። በረዶ የለ፣ ማቀዝቀዣ የለ። ደም በፖስታ፣ እንደ ደብዳቤ።

ክትትሉ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል ካላችሁ፣ ክኒን የሚዘል ሰው ይሞኛል፤ ምንም አይሰማውማ። በ2010 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ክኒናቸውን ከ90 በመቶ በታች የወሰዱ ሰዎች ውጤታቸው እጅግ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ከአሥር አንዱን መዝለል ማለት ነው። አባታችን ከአሥር አምስቱን ነበር የዘለሉት።

ሌላም አለ። ኢማቲኒብ በቀን አንድ ጊዜ ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ነው የሚወሰደው። አሁን ዐቢይ ጾም ላይ አስቡት። ሰውየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበላም። ጠዋት ውሰድ ብላችሁ ከጻፋችሁለት ወይ ጾሙን ይፈታል፣ ወይ በባዶ ሆዱ ውጦ ያስመልሰዋል፣ ወይ ይተወዋል። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ይተዉታል። ማታ ከራት ጋር ብትሉት ግን ነገሩ አለቀ። ለረመዳንም እንደዚሁ፣ ካፈጠረ በኋላ። ይህንን መጽሐፍ ላይ አታገኙትም።

የጎንዮሽ ጉዳቱም አስቂኝ ጣጣ አለው። ዓይን ዙሪያ ያብጣል፣ ፊት ሞላ ይላል፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ይቀላል። ሰፈር ምን ይላል? «ቀልተሃል! ወፍረሃል! ተመችቶሃል!» አንድ ወጣት «ካንሰር አለብኝ ብል ማን ያምነኛል?» ብሎ ስቆ አስቆኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እጮኛው እንደማታውቅ ነገረኝ።

መደበቅ ነው ሌላው በሽታችን። ቤተሰብ ሐኪሙን ጥግ ይዞ «ለሱ እንዳይነገረው» ይላል። ከፍቅር ነው፤ አልክድም። ግን ሕመሙን የማያውቅ ሰው ለምን ዕድሜ ልኩን ክኒን ይውጣል? ሲሻለው ያቆማል። ደግሞም የማያውቅ ሰው ቢጤዎቹን አያገኝም። በውጭው ዓለም በ2007 የሲኤምኤል ታማሚዎች ማኅበራት መረብ ተመሥርቷል። መሥራቾቹ ራሳቸው ታማሚዎች ናቸው። የሲኤምኤል ቀን ብለው የሚያከብሩት ሴፕቴምበር 22ን ነው፣ 9/22፣ ለሁለቱ ክሮሞዞሞች። በእኛ መስከረም 12 አካባቢ፣ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ይውላል። እኛ እድር የምናውቅ ሕዝብ ነን። ድንኳንና ድስት አዋጥተን ሬሳ እናነሳለን። በሕይወት ላለ ሰው አውቶቡስ ማሳፈሪያ ማዋጣት ግን ገና አልለመደብንም።

የለመዱት አሉ። ሦስተኛው ልጅ ማቲዎስ ወንዱ ነው። በአራት ዓመቱ በሉኪሚያ ያረፈ ሕፃን። ወላጆቹ አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው በ2004 በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋሙ። ያኔ አገራችን ውስጥ ስለ ካንሰር በአደባባይ የሚያወራ አልነበረም ማለት ይቻላል። ተስፋ አዲስ ደግሞ ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ወላጆች ያቋቋሙት ነው፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ ከእናቱ ጋር የሚያርፍበት ቤት አለው። አልጋና እንጀራ። ይሄ «ምርምር» አይባልም፣ ሽልማትም አያስገኝም። ግን ሪፈር ተጽፎላት መናኸሪያ ወርዳ ማደሪያ ያጣች እናት፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ልጇን አዝላ ትመለሳለች። ያኔ የኬሞቴራፒው መኖር ለልጁ ምን ይፈይድለታል?

አንድ ደስ የማይል ነገር ሳልናገር አልወርድም። ስጦታ ስጦታ ነው። ይኸው ኖቫርቲስ በነጻ እየሰጠ፣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋውን ሲያንር ነበር። በ2001 በዓመት 30 ሺህ ዶላር ገደማ የነበረው በ2012 ወደ 92 ሺህ ዶላር ደርሷል። በ2013 ከመቶ በላይ የሲኤምኤል ሊቃውንት በጋራ «ይህ ዋጋ አግባብ አይደለም» ብለው ጽፈዋል። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 1 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኩባንያውን የፓተንት፣ ማለትም የብቸኛ አምራችነት መብት፣ ጥያቄ ውድቅ አደረገ፤ የሕንድ ርካሽ ኢማቲኒብ በገበያው ቀጠለ። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ኢማቲኒብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ስለዚህ የነገ ጥያቄ «ማን ይስጠን?» መሆን የለበትም፤ «እንዴት እንግዛ?» ነው መሆን ያለበት። እናንተ ከምረቃ በኋላ ግዢ ክፍል የምትገቡ አላችሁ። የሰጪ ልብ ሲቀየር፣ ወይም ፕሮግራሙ ቅርጹን ሲቀይር፣ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ የሚጠብቀው ሰው ኮንትራት አላነበበም። ማክስ ፋውንዴሽንን የማደንቀው ለዚህም ነው፤ መድኃኒት ማደል ላይ ብቻ አልቆመም፤ ሐኪሞችን አገናኝቷል፣ ታማሚዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ረድቷል። መድኃኒቱ ቢቀየር እንኳ ሰዉ እንደተገናኘ ይቀራል።

እዚህ ላይ ላቁም፤ ጥያቄ ካለ።

(ብዙ ጥያቄ አልነበረም። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «እኚያ ክኒን የሚከፍሉት አባትስ ምን ሆኑ?» አለችኝ። እንደነገርኳት እጽፈዋለሁ።)

ሐኪማቸውን አነጋገርኩ። የሦስት ወር እንዲሰጣቸው አደረገ። ለአውቶቡሱ የመጀመሪያውን ጊዜ እኛው ፋርማሲ ውስጥ አዋጣን፤ ከዚያ የሰፈራቸው እድር ሰማ። መጀመሪያ «ደንባችን ለቀብር ነው» ብለው ነበር አሉ። ተከራክረው ተስማሙ። አባትየው ባለፈው ሲመጡ ቢላዋን ለሚስታቸው እንደመለሱላት ነገሩኝ። ብልቃጡን ቆጠርኩት፤ ሁለት ክኒን ተርፏል። «እነዚህስ?» አልኳቸው። «አንዱ የልጄ ሰርግ ዕለት ነው፣ ረሳሁት» አሉኝ። ስለ ሁለተኛው ዝም አሉ። እኔም አልጠየቅኳቸውም።